ሰቆጣና የአሞሌ ንግድ፤ ከወሰን ማዶ ገዝቶ ስለ ማትረፍ

መግቢያ

ባንድ አገር በርካሽ ገዝቶ በሌላ አገር አስወድዶ መሸጥ የንግድ ሁሉ መሠረት ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ነጋዴን «ሳያርስ የሚበላ፣ እዚያ ያገኘውን እዚህ አምጥቶ የሚያተርፍ» እያለ ይነቅፈዋል። ይህ ነቀፋ ባገራችን ሥር የሰደደ ስለ ሆነ፣ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን በስሜት ሳይሆን በታሪክ መመርመር ተገቢ መስሎ ታየን። ለዚህም ጥናት የመረጥነው ምሳሌ ከአፋር ቆላ ተቆርጦ፣ በትግራይ በኩል አልፎ፣ ወደ ዋግ ደጋ ከወጣ በኋላ በሰቆጣ ገበያ እየተሸጠ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ይሻገር የነበረው የአሞሌ ጨው ንግድ ነው።

ይህን ንግድ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ባገራችን ከነበሩት የሩቅ መንገድ ንግዶች ሁሉ እጅግ የቆየና እጅግ የተስፋፋ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን የዕቃው ጠባይ ነው። የጤፍ ነጋዴ ጤፍ ገዝቶ ገንዘብ ያተርፋል፤ የአሞሌ ነጋዴ ግን የሚገዛው ነገር ራሱ ገንዘብ ነበረ። አሞሌ በድስት ውስጥ ጨው፣ በገበያ ውስጥ ብር ነው። እንግዲህ ገንዘብን በገንዘብ ገዝቶ ወሰን አሻግሮ በገንዘብ የሚሸጥ ሰው ትርፉን ከምን አገኘው? ዕቃው አልተለወጠም፤ አልተፈተለም፤ አልተሸመነም፤ እንዲያውም በመንገድ ላይ ተሰባብሮ ይቀንሳል። በሐተታችን ለማሳየት የምንሞክረው፣ ትርፉ የመጣው ከጨው ሳይሆን ከወሰኑና ከዳገቱ መሆኑን፣ ሰቆጣም ባንድ ዘመን ከፍ ያለችውና በሌላ ዘመን የደከመችው በዚሁ ባንዱ ምክንያት መሆኑን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አገራችን አቈጣጠር ናቸው።

1. ጨው ስለሚገኝበት አገር

ከትግራይ ደጋ በስተ ምሥራቅ መሬቱ ባንድ ጊዜ ወርዶ፣ በዳሎልና በአሳሌ ሐይቅ አጠገብ ከባሕር ወለል በታች ወደ 120 ሜትር ይደርሳል። ይህ ቆላ በጥንት ዘመን ከቀይ ባሕር ጋራ የተያያዘ ነበረ፤ ባሕሩ ከተቈረጠ በኋላ ውኃው በፀሐይ ደርቆ ጨው ብቻ ቀረ። ሠራተኞች የጨውን ንጣፍ በመጥረቢያ ይሰነጥቁታል፤ በዕንጨት ፈንቅለው ያነሡታል፤ ከዚያም በመጠን እየጠረቡ ሞላላ አሞሌ ያደርጉታል። አገሩ የአፋሮች ነው። ጨው ለማምጣት ከትግራይ ደጋ የሚወርደውን ጉዞ የአገሩ ሰዎች አርሖ፣ ተጓዡን አርሖታይ ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በሜዳው ላይ ጨው እንደ አፈር የበዛ ነው። ስለዚህ በዚያ ሥፍራ የሚከፈለው ዋጋ የጨው ዋጋ ሳይሆን የቈራጩ የድካም ዋጋ ነው። ሙቀቱ ሰውንና ከብትን የሚፈጅ፣ ውኃውም በአቍማዳ ተጭኖ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ሥራው በክረምት ማግሥት ተጀምሮ ሙቀቱ ሳይበረታ የሚካሄድ ነው። መንገዱም በዘመኑ ዘረፋ የበዛበት ስለ ነበረ ጭነቱ ተሰባስቦ በጠባቂ ይሄድ ነበረ። ጭነቱን የሚመራው፣ የሚጠብቀውና ቀረጡንም የሚቀበለው ሹም ባልጋዳ ይባል ነበረ። ይህ ሹመት ቀላል አልነበረም፤ በዘመነ መሳፍንት ደጃዝማች ውቤን ሲቃወም የኖረው የእንደርታው ባልጋዳ አርአያ በዚሁ ስም ይታወቅ እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል።

2. ዋጋው በመንገድ ላይ ስለ ማደጉ

የጨው ንግድ ጥንታዊነት በጽሑፍ የተመሰከረ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ ባገው አገር ገዥ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ ሰዎች ሳሱ ወደ ተባለ የወርቅ አገር ይልክ ነበረ። ከእነርሱም ጋራ የሚተባበሩት ነጋዴዎች ከአምስት መቶ የሚበልጡ ሲሆኑ፣ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው በወርቅ ይለውጡ ነበረ። ሄደው እስኪመለሱም ስድስት ወር ያህል ይፈጅባቸው ነበረ። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። ጨው ወደ ውስጥ አገር ሲገባ ወርቅ የሚያመጣ ዕቃ መሆኑን፣ መንገዱም ገና ከጥንት ባገው እጅ የሚያልፍ መሆኑን ነው።

ስለ አሞሌ ዋጋ ግልጽ የሆነ ቍጥር የሰጠን ግን በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አሞሌው አንድ ስንዝር ተኩል ርዝመት፣ አራት ጣት ስፋትና ሦስት ጣት ውፍረት እንዳለው ይገልጻል። ጨው በሚቈረጥበት ሥፍራ 120 ወይም 130 አሞሌ ባንድ ድሪም ወርቅ እንደሚገኝ ሰምቷል። የአንድ ቀን መንገድ ያህል ርቆ ባለው ገበያ ላይ ባንድ ድሪም የሚገኘው አሞሌ በአምስት ወይም በስድስት ይቀንሳል። እንዲህ እያለ ከገበያ ገበያ እየቀነሰ ሄዶ፣ ንጉሡ ካሉበት ሰፈር ሲደርስ ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ አንድ ድሪም ያወጣል። በክረምት ጊዜ አምስት አሞሌ ባንድ ድሪም ሲሸጥ አይቷል።

ይህን ቍጥር እናስላው። ከሜዳው እስከ ንጉሡ ሰፈር የአንድ አሞሌ ዋጋ ወደ ሃያ እጥፍ፣ በክረምትም ወደ ሃያ አምስት እጥፍ አደገ ማለት ነው። ያው አሞሌ ነው፤ አልተጨመረበትም። የተጨመረበት መንገዱ ብቻ ነው። በክረምት መወደዱም ይህንኑ ያስረዳል። ተከዜና ጸላሪ ሲሞሉ መሻገሪያ ይታጣል፤ ዝናብም ጨውን ያሟሟል። እንግዲህ ዋጋውን የሚያወጣው ሜዳው ሳይሆን ወንዙ ነው ብንል አንሳሳትም።

አልቫሬዝ በመንገድ ያያቸውን ነጋዴዎችም በሁለት ከፍሎ ያሳየናል። አንደኞቹ በታላላቅ መኳንንት የተላኩ፣ ሦስት መቶና አራት መቶ አጋሰስ የሚነዱ ናቸው። ሁለተኞቹ ሃያና ሠላሳ ከብት ያላቸው ናቸው። ከእነዚህም ሌላ አሞሌውን በጀርባው ተሸክሞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ድኻ ነበረ። ስለዚህ ይህ ንግድ የመኳንንት ብቻ ወይም የድኻ ብቻ አልነበረም፤ ጕልበት ያለው ሁሉ በየዓቅሙ የሚገባበት ሥራ ነበረ።

3. ሰቆጣ ለምን ገበያ ሆነች

አሁን ወደ ዋግ እንውጣ። ሰቆጣ ጨው የላትም፤ ባሕርም የላትም። ታዲያ በ19ኛው መቶ ዘመን ታላቅ የጨው ገበያ ለመሆን ያበቃት ምንድን ነው? መልሱ ያለው በሥፍራዋ ነው።

ዋግ በሰሜንና በምሥራቅ ከትግራይ፣ በምዕራብ በተከዜ በኩል ከስሜንና ከበለሳ፣ በደቡብ ከላስታ ጋራ ይዋሰናል። በሰሜን ትግርኛ፣ በደቡብና በምዕራብ አማርኛ ይነገራል፤ በመካከሉ የአገው ልጆች የሆኑት ኽምራዎች በራሳቸው ቋንቋ በኻምጣንጋ ይነጋገራሉ። አገሩ ገደላ ገደል ስለ ሆነ ግመል ከቆላው እስከ ትግራይ ደጋ ያመጣውን ጭነት ከዚያ ወዲያ የሚሸከሙት በቅሎና አህያ ናቸው። እንግዲህ በዚህ አንድ አገር የቋንቋ፣ የግዛትና የጭነት ከብት ወሰን ተገናኝተዋል።

ከሰሜን የሚመጣው ነጋዴ ወንዞቹ ሳይሞሉ ለመመለስ ይቸኵላል። ተከዜን ተሻግሮ ወደ በጌምድር ቢዘልቅ የበለጠ እንደሚያተርፍ ያውቃል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ባለ ኬላ አያውቀውም፤ የሚያሳድረው ወዳጅም የለውም። ከጎንደርና ከጎጃም የሚመጣውም ነጋዴ እንደዚሁ እስከ ጨው ሜዳ ቢወርድ በርካሽ እንደሚገዛ ያውቃል፤ ግን የቆላውን ሙቀትና ሽፍታውን ይፈራል። ሰው የሚነግደው እስከሚታመንበት ሥፍራ ድረስ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በመካከል መገናኘት ነበረባቸው፤ የተገናኙበትም ሥፍራ ሰቆጣ ሆነች። በሰቆጣ የሚኖረው ነጋዴ ትግርኛውንም አማርኛውንም ስለሚያውቅ፣ ለሁለቱም ቤቱን ከፍቶ ያሳድር፣ አሞሌውን ከአንዱ ገዝቶ ለሌላው ይሸጥ ነበረ። የሰቆጣ ሀብት ይህ መካከለኛነት ነው።

በዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ በትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ የጨውን ሜዳ ወርዶ አይቷል፤ በሌላ ጕዞም በላስታ በኩል አድርጎ በሰቆጣ አልፏል። እርሱን የመሰሉ መንገደኞች ከተዉልን መግለጫ እንደምንረዳው፣ በዚያ ዘመን ሰቆጣ ከሰሜኑ የጨው ገበያዎች ዋነኞቹ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። ወደ ሰሜን ሲመለስም ነጋዴው ባዶውን አልተመለሰም፤ የዋግን ማርና ቅቤ፣ ከበጌምድር የመጣ እህልና የጥጥ ልብስ፣ ከደቡብ ምዕራብም የመጣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይሄድ ነበረ።

ይህን ንግድ በሩቅ መንገድ ከሚያካሂዱት ሲራራ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የእስልምና ተከታዮች ነበሩ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በደጋው አገር ብዙ ሥፍራ ርስት የክርስቲያን ስለ ነበረ፣ ርስት ያልተፈቀደለት ሰው በሬ ጠምዶ በማረስ ፋንታ አጋሰስ ጭኖ ወጣ። ከርስት የተገለለው ሰው ርስት ያለውን ሁሉ ጨው አበላው።

4. ትርፉ ለማን ይደርስ ነበረ

ከፍ ብለን የጠቀስነው የሃያ እጥፍ ዕድገት ባንድ ሰው ኪስ የገባ ቢሆን ኖሮ ነጋዴን የሚነቅፉት ሰዎች እውነት ይዘዋል ባልን ነበረ። ነገር ግን ገንዘቡ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚንጠባጠብ እንመልከት። የሚከተለው ስሌት አሠራሩን ለማስረዳት ብቻ ያወጣነው ምሳሌ ነው።

አንድ ነጋዴ በሰቆጣ 25 አሞሌ ባንድ ብር ሒሳብ 200 አሞሌ ገዝቶ በሁለት አህያ ጫነ እንበል። ያወጣው ገንዘብ 8 ብር ነው። ተከዜን ተሻግሮ 16 አሞሌ ባንድ ብር በሚሸጥበት ገበያ ቢደርስ፣ ሁሉም ደኅና ቢገባ 12 ብር ከግማሽ ያገኛል፤ ትርፉ 4 ብር ከግማሽ መሆን ነበረበት። ነገር ግን በመንገድ 20 አሞሌ ተሰበረበት። የተሰበረ አሞሌ ገንዘብነቱ ይቀራል፤ ለወጥ ብቻ ስለሚሸጥ ግማሽ ዋጋ አወጣ እንበል። ሦስት ኬላ ሲያልፍ በየኬላው አምስት አምስት አሞሌ ከፈለ። ለራሱ ስንቅና ለአህዮቹ ገፈራ አሥር አሞሌ አወጣ። ለገበያ በደኅና የደረሰው 155 አሞሌ ብቻ ነው። ይህና ስባሪው በጠቅላላው ከ10 ብር ከሩብ ጥቂት ከፍ ይላል፤ የተረፈው 2 ብር ከሩብ ያህል ነው። ሊገኝ ከነበረው ትርፍ ግማሽ ያህሉ በመንገድ ቀረ። አንዲት አህያ ገደል ብትገባበት ወይም አንድ ሌሊት ዝናብ ቢያገኘው ደግሞ ዋናው ገንዘብም አይገኝም።

ስለዚህ ነጋዴው ለጨው ጥንቃቄ ያደርግ ነበረ። አሞሌ እንዳይሰበር ዙሪያውን በልጥ ይታሰራል፤ ከርጥበትም ይጠበቃል። ተቀባዩም አሞሌውን ሳይመረምር፣ ጠርዙን ሳይዳብስ አይቀበልም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌ ለማእድ ቤት ብቻ የተነገረ አይመስለንም፤ በገበያ ላይ አንድ አሞሌ እንደ ገንዘብ መቈጠሩ ወይም መጣሉ የዕለት ተዕለት ነገር ነበረና።

የቀረውን ትርፍ የወሰደው ማነው? ባለ ኬላው ነው። በየወንዙ መሻገሪያ፣ በየተራራው በርና በየግዛቱ ወሰን ቀረጥ ይከፈል ነበረ። ባለ ኬላው በበኩሉ ለመንገዱ ጸጥታ ዋስ መሆን ነበረበት፤ ይህን የሚፈጽም ባለ ኬላ ሲገኝ ቀረጡ የጥበቃ ዋጋ ነው፤ የማይፈጽም ሲሆን ግን በሕግ ስም የሚደረግ ቅሚያ ነው። በዘመነ መሳፍንት አንዱ ግዛት በብዙ መኳንንት ሲከፋፈል ወሰን በዛ፤ ወሰን ሲበዛ ኬላ በዛ፤ ኬላ ሲበዛ አሞሌ ተወደደ። በዋግም ከሰቆጣ ገበያና ከመንገዱ የሚገኘው ቀረጥ ለዋግሹም ቤት ትልቅ ገቢ ነበረ።

ስለ ትርፉ ስንናገር ግን አንድ መራራ ነገር ማለፍ አይገባንም። አልቫሬዝ እንደ ሰማው፣ አሞሌ እስከ ዳሞት ሲደርስ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ ጥሩ ባሪያ ይገዛ ነበረ፤ ከዚያም ወዲያ ባንድ አሞሌ ሰው ይሸጥ ነበረ። አሞሌ ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ሲያድግ የሰው ዋጋ ደግሞ በዚያው መጠን ይወርድ ነበረ ማለት ነው። የአሞሌ መንገድ አንዱ ጫፍ በአፋር ሜዳ ላይ ሲሆን ሌላው ጫፍ የባሪያ ገበያ ነበረ። ሰቆጣ በመካከል ብትሆንም ከዚህ ነገር ንጹሕ ናት ለማለት አይቻልም። የነጋዴውን ድካም ስናመሰግን ይህን መደበቅ የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም።

5. ወሰኑና የዋግሹሞች ሥልጣን

ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥራሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን ይኵኖ አምላክ ሲነግሥ የዛጔ ወገን በዋግ ላይ እንዲሾምና ልዩ ክብር እንዲኖረው ስምምነት ተደረገ ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ይህ ክብር ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲቈይ ያደረገው የዘር ሐረግ ብቻ ነው ብለን አናምንም። ከሰሜን ወደ መካከለኛው አገር የሚያልፈውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ገበያ በሚውልበት ቀን ሁሉ ሥልጣኑ ይታደስለታል።

ነገር ግን የዋግ ሥልጣን አንድ ድካም ነበረበት። ዋግ የመንገዱ ሁለተኛ በር ነው እንጂ አንደኛ በር አይደለም። የጨው ሜዳ መውረጃውም፣ የምጽዋም መንገድ በትግራይ በኩል ናቸው። ይህ ድካም በግልጽ የታየው በ1860ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ጦራቸው ብዙ፣ ግዛታቸውም ሰፊ ነበረ። ዳሩ ግን የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ከእንግሊዝ ጦር ብዙ ጠመንጃና መድፍ ተቀብለው ነበረና፣ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ድል ሆነው ተማረኩ። ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ።

ይህ ጦርነት ስለ ጨው የተደረገ ነው አንልም። የምንለው የጨው መንገድና የመሣሪያ መንገድ አንድ ዓይነት ጠባይ እንዳላቸው ነው። ከሌላው በር አልፎ በመጣ ዕቃ የሚኖር አገር፣ ገበያው ቢደራም፣ መነሻውን የያዘው ሰው በሩን በዘጋ ጊዜ ይቸገራል።

6. ንግዱ ስለ መድከሙ

የአሞሌ ንግድ በጦርነት አልጠፋም፤ ያደከመው የመንገድና የገንዘብ መለወጥ ነው። ይህንንም በአራት ደረጃ ከፍለን ልናየው እንችላለን።

መጀመሪያ፣ ዐፄ ምኒልክ የ1887 ዓ.ም. ምልክት ያለበትን ብርና ዝርዝሩን አሳተሙ። ዐላማው መንግሥት ራሱ ያወጣው ገንዘብ በማርያ ቴሬዛ ብርና በአሞሌ ፋንታ እንዲሠራበት ነበረ። ሕዝቡ ግን አዲሱን ገንዘብ ለመቀበል አልቸኰለም፤ አሞሌም በብዙ አገር ገና ለብዙ ዓመታት ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ቈየ።

ሁለተኛ፣ የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ጨው ተራራ ሳይወጣ፣ ኬላ ሳይቈጥር በባቡር ገባ፤ የንግዱም ሚዛን ከሰሜን ወደ መካከለኛው አገር አዘነበለ።

ሦስተኛ፣ ጣሊያኖች ባገራችን በቈዩባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከአሥመራ ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድ በማይጨው፣ በኮረምና በአላማጣ በኩል አሠሩት። ይህ መንገድ ሰቆጣን በምዕራብ ትቷት አለፈ። ለሰቆጣ ከዚህ የበለጠ ጕዳት የደረሰ አይመስለንም። የጨው ጭነት ከመቀሌ ወደ ደቡብ ለመሄድ የበቅሎን መንገድና የሰቆጣን ባለ ቤት አላስፈለገውም፤ ትናንት ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረውን መንገድ ካሚዮን ባንድ ቀን ያደርሰው ጀመር።

አራተኛ፣ ከነጻነት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት አዲስ የወረቀት ብርና ሳንቲም አወጣ። ያን ጊዜ አሞሌ ገንዘብነቱ እያበቃ ሄዶ የማእድ ቤት ጨው ብቻ ሆነ። ገንዘብን በገንዘብ ገዝቶ ማትረፍ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ለረጅም ጊዜ የአገራችን ጨው በብዛት የሚመጣው ከምጽዋና ከአሰብ ነበረ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና በአፋር የሚገኘው የአፍዴራ ጨው ዋና ምንጭ ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ፤ ይህም ለሕዝቡ ጤና የሚበጅ ነው። ነገር ግን ከሜዳ ተጠርቦ በቀጥታ ወደ ገበያ የሚወጣው አሞሌ ከዚያ ወዲያ የምግብ ጨው ሆኖ መሸጡ ከደንቡ ጋራ የማይስማማ ሆነ። በመጨረሻም ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረውና ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ያበቃው ጦርነት፣ በዋግና በትግራይ መካከል ያለውን አሮጌ መንገድ የጦር መንገድ አደረገው። ለብዙ መቶ ዓመታት ነጋዴ ያሻገረው ወሰን ነጋዴን የሚከለክል ሆነ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከዘረዘርነው ሦስት ነገር እንደመድማለን።

አንደኛ፣ ከወሰን ማዶ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያተርፈው ከዕቃው ሳይሆን ዕቃው እንዳይደርስ ከሚከለክለው ነገር ነው። ዳገቱን የወጣ፣ ወንዙን የተሻገረ፣ ቋንቋውን የተማረ፣ ኬላውን የከፈለ እርሱ ነው። ስለዚህ «ነጋዴ ምን ሠራ?» ለሚል ሰው መልሳችን፣ «መንገዱን ሠራ» የሚል ነው። ይህ ሲባል የነጋዴ ሥራ ሁሉ የተቀደሰ ነው ማለታችን አይደለም፤ ጨው ያሻገረ መንገድ ሰውንም እንደ ዕቃ አሻግሯል።

ሁለተኛ፣ ከነጋዴው እኩል፣ ምናልባትም የበለጠ፣ ያተረፈው የወሰኑ ባለቤት ነው። አሞሌ ሲወደድ ድኻው የሚረግመው ፊት ለፊት የሚያየውን ነጋዴ ነበረ፤ ከኋላው ያሉትን ኬላዎች ግን አይቈጥራቸውም ነበረ። የዋጋን ነገር የሚመረምር ሰው ሻጩን ከመጠየቁ በፊት መንገዱን መጠየቅ ይኖርበታል።

ሦስተኛውና ለዋግ ሕዝብ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው። በሌሎች አገሮች መካከል በመገኘቷ ብቻ የበለጸገች ከተማ፣ መንገዱ በሌላ በኩል ባለፈ ቀን ትደኸያለች። ሰቆጣ የደረሰባት ይህ ነው። መሬቱ የተራቈተና ዝናቡ የሚቋረጥ ስለ ሆነ፣ ንግዱ ሲሄድ ለሕዝቡ የቀረው እርሻ ብቻውን አልበቃም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ያወጣው ቃል ኪዳን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ መሰየሙን ስናስብ፣ ባንድ ወቅት ለግማሽ አገር ጨው ታካፍል የነበረች ከተማ ዛሬ ስሟ የሚነሣው በምን እንደ ሆነ እንገነዘባለን።

እንግዲህ ለሰቆጣ መንገድ ይሠራላት ማለት መልካም ነው፤ እኛም እንላለን። ነገር ግን መንገድ ብቻውን ያላፊ ሲሳይ ነው። የዋግ ማርና የአበርገሌ ፍየል ከሌላ አገር ተገዝተው የሚያልፉ ሳይሆኑ ከዚያው ምድር የሚገኙ ሀብቶች ናቸው። በእነርሱ ላይ የሚሠራ ንግድ በሩ በሌላ እጅ ያለ አይሆንም።

ይህ ጥናት የነገሩን ዋና መንገድ ብቻ የሚያሳይ ነው። በየወንዙ መሻገሪያ ስለ ነበሩት ኬላዎች፣ ስለ ነጋዴዎች የመተማመንና የብድር ልማድ፣ እንዲሁም በኻምጣንጋ ስለ ጨውና ስለ ገበያ የሚነገሩትን ቃላት የዋግ ተወላጅ የሆኑ ባልንጀሮቻችን ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቢሰበስቡልን፣ ለዚህ መጽሔትና ለአገር ታሪክ ታላቅ አገልግሎት ይሆናል።